ስኳር ያለባቸውን አዛውንት ስናስታምም
(በኡም ኡዘይና በዓርብ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ስለ ስኳር በሽታ ንገሪን ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት። ሐኪም አይደለሁም። ግን ስኳር ያለባቸውን አሮጊት ሳስታምም ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በዚሁ ሥራ ላይ ናችሁ።

ቤተሰቡ ዓይኑን የሚተክለው መለኪያው ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ «ምን አበላሻቸው?» ትባያለሽ። እኔም ስንቴ ተብያለሁ፤ ክናፋውን ያመጣው እንግዳ ነበር! እሳቸው ግን የሚያስለቅሳቸው ቁጥሩ አይደለም። ልጆቹ ሲበሉ እሳቸው ብቻ መከልከላቸው ነው፤ ሌሊት እወድቃለሁ ብለው መፍራታቸው ነው። ዕድሜ የገፋና ሌላም ሕመም ያለበት ሰው ሲሆን ሐኪሞች ራሳቸው ቁጥሩን ላላ ያደርጉታል። ስኳር ሲወርድ አሮጊት ትወድቃለች፣ አጥንት ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ አብራችሁ ከገባችሁ «ለእሳቸው ስንት ይበቃል? ትንሽ ጣፋጭስ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወይ ልጃቸው ይጠይቅ።

ሌሊት ብቻችንን የምንሆነው እኛ ነንና መውረዱን እንወቅ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገት መነጫነጭ፣ ነገር መዘባረቅ። «አርጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም በውኃ የተበጠበጠ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ስጡ፤ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ቸኮላት ቅባት ስላለው ይዘገያል። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ በጎን አስተኝታችሁ 911 ደውሉ።

ኢንሱሊን ስንት እንደሚወጉ እኛ አንወስንም። ማዳሟ በወረቀት ትጻፍልሽ፤ ያውም በእኛ ቁጥር። የዓረቦቹ 5 ዜሮ ይመስላል፣ 6ቱ ደግሞ ሰባት ይመስላል፣ ዜሯቸው ነጥብ ናት። በዚህ ቀልድ የለም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ ቤት ግን አይግባ፤ አንዴ ከበረደና ከረጋ ይጣላል።

ረመዳን ሲቃረብ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስተካክለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ታማሚ እንዳይጾም ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል፤ አሮጊቶቹ ግን እሺ አይሉም፤ የኛም እናቶች በሑዳዴ እንደዚያው ናቸው።

አሁን ክረምት እየመጣ ነው፤ የአማንን ብርድ ታውቁታላችሁ። እግራቸውን ሶባው አጠገብ ይዘረጋሉ። ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ ቢቃጠሉም ላይሰማቸው ይችላል። ሶባውን ራቅ አድርጉት። የሚታጠቡበትን ውኃ በክርናችሁ ሞክሩት። ማታ ማታ ካልሲያቸውን ስታወልቁ በጣቶቻቸው መካከል እዩ፤ ትንሽ ቁስል ብታገኙ ዛሬውኑ ለቤተሰብ ንገሩ፣ ነገ አትበሉ። እኔ ይህን ስሠራ ነው እሳቸው ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩኝ። መለኪያው ይህን አይጽፈውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ ጥም የሚበዛባት፣ ሌሊት ሽንት ደጋግሞ የሚያስነሣት፣ ሳታስበው የከሳች ካለች እሷም ትለካ። አገር ቤት ስትደውሉም እናታችሁን «ደህና ነሽ?» ብቻ አትበሏት፤ እግሯን ጠይቋት።

መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው እስኪፈላ ያላያችሁት ቀርባችሁ እዩ።