በሳባ ሸለቆ የእህል ጉዞ

ለእህል ማጓጓዣ ሾፌሮችና ለስርጭት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገር የተጠየቅሁት በበረሃ ስለ መኪና አያያዝ ነው። ስለ ጎማና ስለ ራዲያተር የምለው ይኖረኛል፤ ነገር ግን አስቀድሜ በራሴ ጥፋት የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከመቀሌ ተነሥቶ በአጉላ በኩል ወደ በርሃሌ፣ ከዚያም ወደ ሐመድ ኤላ የሚወርደውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መንገደኛው ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ይነሣና፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ከዘቀጠው የጨው ሜዳ ይደርሳል። በአቅራቢያው በዳሎል እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ሌሊቱ ጭምር ተቆጥሮ ነው።

ዛሬ አስፋልት ተዘርግቶበታል። በ1995 ዓ.ም. ግን ከበርሃሌ በታች የምንነዳው በሳባ ወንዝ አልጋ ላይ ነበር። ግራና ቀኙ እንደ ግንብ የቆመ ገደል ነው። ከአሳሌ አሞሌ ጨው የሚያወጡ ግመሎችና በቅሎዎች ለብዙ ዘመናት የተመላለሱት በዚሁ ጠባብ በር ነው።

በዚያ ዓመት ድርቁ የአፋርን ከብት ፈጅቶት ነበር። በሚያዝያ ወር እህል ጭነን በሁለት ፊያት ወረድን። አሸዋው እንዳይውጠን የጎማውን ነፋስ ቀንሰናል፤ ለራዲያተሩ ብቻ አንድ በርሜል ውሃ ይዘናል፤ አካፋና ክሪክም አልጎደለንም። ከሸለቆው አፍ ስንደርስ የጨው ሲራራ ነጋዴዎች ከወንዙ አልጋ ወጥተው፣ ከፍ ካለ ስፍራ ግመሎቻቸውን አስተኝተው አየን። መንገድ መሪያችን የነበሩት የአፋር ሽማግሌ «ልጄ፣ አቁም፤ ዳጉ ልቀበል» አሉኝ።

ዳጉ የአፋር የወሬ ልውውጥ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ይቆማሉ። ያዩትንና የሰሙትን፣ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙት፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ ማን እንደታመመ በየተራ ይነጋገራሉ። ያልተጣራ ነገር ማቀበል ነውር ነው። እኛ ሪፖርት የምንለውን ያለ ወረቀትና ያለ ቀለም የሚያደርሱት በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእኛ ይቀድማሉ።

እኔ ግን ፀሐይ ሳይበረታ እንለፍ ብዬ እንቢ አልሁ። ነጋዴዎቹ ከፍታው ላይ ማረፋቸውን አይቻለሁ፤ ነፋስ ፍለጋ መሰለኝ። ሽማግሌው ዝም አሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደነዳን ሰማዩ እንደጠራ ሳለ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ከኋላችን ድንጋይ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ዝናቡ የጣለው በስተላይ፣ በደጋው ነው። ፊተኛው መኪና ከዳር ካለ ደለል ላይ ወጣ። የኋለኛው ሞተሩ ጠፋበትና ጎርፉ እስከ ጭነቱ ደረሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ከእህሉ ጆንያ ላይ ወጥተው እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቆዩ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን የታችኛው ጆንያ ሁሉ ራሰ፤ በዚያ ሙቀት የራሰ እህል ደግሞ ወዲያው ይሸታል። ሐመድ ኤላ የደረስነው በሁለት ቀን ዘግይተን ነው። ሕፃናት ይዘው ከጥላ በታች የሚጠብቁን እናቶች የጠየቁን የዘገየንበትን ምክንያት ሳይሆን የጎደለውን ጆንያ ነበር።

ስንመለስ ሽማግሌው እንደገና አስቆሙኝ። በዚህ ጊዜ አቆምሁ። ለመንገደኞቹ የእኛን ነገር አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ጎርፉ የት እንደያዘን፣ ምን ያህል እንደከፋ፣ ማን እንዳልቆመም ጭምር። ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ቂም አልነበረባቸውም፤ ዳጉ አይጎድልም፣ ያ ብቻ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ መንደሮቹ ለሚገባ በብዙ ስፍራ መንገዱ ዛሬም የወንዝ አልጋ ነው። የጉዞ ሰሌዳ የምታወጡ ሰዎች በሰሌዳችሁ ላይ ለነዳጅና ለምሳ ሰዓት ትመድባላችሁ። ከሸለቆው አፍ ሞተር አጥፍቶ ለመነጋገርም ሰዓት ይመደብ፤ ዘገየ ተብሎ ሾፌሩ አይጠየቅበት። ስለ ጎማው ነፋስ ከምሳ በኋላ ውጭ ከመኪናው ዘንድ እናያለን።