ስለ ፊልም አቈራረጥና ስለ ጣልነው ሥዕል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚህ አዳራሽ የምታዩት ፊልም ሰባት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነው። ይህን ለማግኘት ግን ከአንድ ሰዓት የበለጠ ሥዕል አንሥተን አብዛኛውን ቈርጠን ጥለነዋል። መቍረጥ ማለታችን ለወጉ ነው እንጂ መቀስ አልያዝንም፤ ሥራው የተሠራው በኮምፒዩተር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ለታመመች እናቱ መድኃኒት ሊገዛ በምሽት ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንድ ሰውም ይከተለዋል።

መጀመሪያ የቀጠልነውን ለታናናሾቻችን ብናሳያቸው፣ ይፈራሉ ስንል ሳቁብን! ምክንያቱም ተከታዩን ሰው እስከ መጨረሻው ደብቀን ከግንብ ጀርባ ድንገት ስላወጣነው ነበር። ይህን ስሕተት እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ አስቀድሞ አስረድቶታል። ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦንብ ሳይታወቅ ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለአፍታ ነው፤ ቦንቡን አስቀድሞ ካየ ግን፣ ሰዎቹ ተራ ወሬ ሲያወሩ እርሱ ይጨነቃል። ስለዚህ የሰውዬውን ጥላ ወደ መጀመሪያው አመጣነው። ልጁ ሳንቲሙን ሲቈጥር ጥላው ከኋላው ነው፤ እርሱ አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ደግሞም ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልም የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብዙ ደርዘን ቍርጥራጭ እንዳለው ሰምተን፣ እኛም ሁሉን ከታተፍነው። ውጤቱ ጭንቀት ሳይሆን ራስ ምታት ሆነ። በኋላ ግን ልጁ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ተራ የሚጠብቅበትን ሥዕል ሳንነካው በረዥሙ ተውነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አጭር ቍርጥ ኀይል ያገኘው ከዚያ ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ተጣላንበት ነገር እንምጣ። አንድ ቀን በሆስፒታሉ በር አጠገብ ምሽቱን ስንጠብቅ፣ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ የምታለቅስ አንዲት ሴት በካሜራችን ገብታ ነበር። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቢያጋጥመው፣ ተመልካቾች ረኀብና ኀዘን ያዩበት መሰላቸው ይባላል። የከተማችን ሰዎች የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ማለታቸው አያስደንቅም። እኛም የሴትዮዋን ልቅሶ ከልጃችን ሩጫ ጋር ስንቀጥለው የልጁ እናት ሆና ቍጭ አለች። ከሠራነው ሁሉ የበለጠው እርሱ ነበር፤ ያየው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

ከመካከላችን አንዱ ግን «ያቺ የእኔ እናት ብትሆንስ?» አለ። እናቱ በዚያው ዓመት ታማ ተኝታ ነበር። ግማሾቻችን «ማን ያውቃታል?» አልን፤ ግማሾቻችን ዝም አልን። ፈቃዷን ለመጠየቅ ሁለት ቀን በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናት፤ አላገኘናትም። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አጠፋነው፤ ይህን ስናደርግ የተስማማነው ሁላችንም አልነበርንም።

በእርሱ ምትክ በአራተኛው ደቂቃ ላይ የምታዩት የተዘጋ የቆርቆሮ በርና የሚሰማ የጫማ ኮቴ ነው። ከበፊቱ ይልቅ ደካማ መሆኑን አንደብቅም።

እንግዲህ መብራቱ ይጥፋልን።