የአሸዋ ዳገትና የጥርስ ቁጥር
በደቡብ ምሥራቅ ካሊፎርኒያ በሚገኙት የኢምፔሪያል የአሸዋ ክምሮች ላይ የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል ዳገቱን መውጣቱ የሚወሰነው በሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ሰንሰለቱ በሚዞርባቸው ሁለት ጥርሳም መዘውሮች (ስፕሮኬቶች) ምጣኔ፣ ማለትም የኋለኛው ጥርስ ብዛት ለፊተኛው ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ጭምር ነው። ያማሃ ባንሺ የተባለው ባለ አራት ጎማ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ ከፊት 14፣ ከኋላ 41 ጥርስ ስለነበረው ምጣኔው 2.93 ገደማ ሲሆን፣ የፊተኛው በባለ 13 ጥርስ ቢተካ ወደ 3.15 ያድጋል፤ ይህም ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይቀራረባል። ምጣኔው ሲያድግ ከፍተኛው ፍጥነት ቢቀንስም ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ይጨምራል፤ አሸዋው ጎማውን ያለማቋረጥ ስለሚይዘው፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሞተሩ ጉልበት ከሚሰጥበት የዙር መጠን በታች ለሚወርድበት ነጂ ለውጡ ተገቢ ነው። መቅዘፊያ መሰል ጥርስ ያለው የአሸዋ ጎማ ከቀድሞው ከፍ ያለ ከሆነ ግን ይህንኑ ትርፍ መልሶ ስለሚወስድ፣ ከመዘውሩ በፊት ጎማውን መምረጥ ይሻላል።