በሰው አገር የተገኘ ወዳጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ዛሬ የምንነጋገረው ለእንጀራ ብለው ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ስለሚኖሩ ልጆቻችን፥ በዚያም ስለሚያገኙት ወዳጅና በጸጥታ ስለሚጠብቁት ሃይማኖት ነው።

ከዲላ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ቡሌ ሆራ የምትባል ከተማ አለች፤ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ናት። በዚያች ከተማ አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ አንዲት እናት ቀርባ መስቀል ተሳለመችና እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፥ ልጄ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እዚያ ከገባች ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልደረሰችም፥ አልቆረበችም፤ አሠሪዎችዋ ከቤት አያስወጧትም። እንግዲህ ሃይማኖትዋ ምን ይሆናል?»

እኔም አስቀድሜ «ልጅሽ ጓደኛ አላትን?» ብዬ ጠየቅኋት። እናቲቱም በጥያቄው ተገርማ እንዲህ ስትል መለሰች፤ «በስልክ እንደምትነግረኝ አንዲት አለቻት፤ በፊት ለፊቱ ፎቅ የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት። ልብስ ለማስጣት ወደ ሰገነት ሲወጡ ይተያያሉ። ጾም ሲገባና በዓል ሲውል ለልጄ የምታስታውሳት እርስዋ ናት። ማታም ሥራቸውን ሲጨርሱ ሁለቱም በየወጥ ቤታቸው ቆመው ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ አንዲቱ መብራትዋን አጥፍታ መልሳ ታበራለች፥ ሁለተኛይቱም እንዲሁ ታደርጋለች። ልጄ ያን መብራት ያየች ሌሊት እንቅልፍ እንደሚወስዳት ትነግረኛለች።»

እኔም «እናቴ ሆይ፥ አይዞሽ፤ የልጅሽ ሃይማኖት አልጠፋም» አልኋት። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ በሚሰበሰቡበት እርሱ በመካከላቸው እንደሚገኝ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ተስፋ ሰጥቶናልና፥ በሁለቱ መብራቶች መካከልም እርሱ አለ።

ምእመናን ሆይ! ይህን ማለቴ ቤተ መቅደሱና ቅዱስ ቍርባኑ አያስፈልጉም ለማለት አይደለም። መድረስ የሚችል ሰው በስንፍና ቢቀር በደሉ የራሱ ነው። በር የተዘጋበት ሰው ግን በአምላኩ ዘንድ የተረሳ አይደለም። ለእንደዚህ ያለው ሰው እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚልክለት ረዳት፥ የልብ ጓደኛ ነው።

ትንቢተ ዳንኤልን እናስተውል። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ፥ አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል፥ በባቢሎን በባዕድ ንጉሥ ቤት ያገለግሉ ነበር። በዚያ መቅደስም መሠዊያም አልነበራቸውም። ነገር ግን የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ ሲበሉ አራቱም አብረው በሉ። የሞት ትእዛዝ በወጣ ጊዜም ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ በአንድነትም ምሕረትን ለመኑ። ሦስቱ በኋላ በእቶን እሳት ፊት ሳይናወጡ የቆሙት በዚያች ዕለት በተገኘ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ አስቀድመው ማንም ሳያያቸው አብረው በጾሙበትና በጸለዩበት ጽናት ነው።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምስክር አለን። በ4ኛው መቶ ዓመት ሁለት ወጣቶች፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፥ ከጢሮስ ተነሥተው ከመምህራቸው ጋር በመርከብ ሲጓዙ በባሕር ዳር አደጋ ደረሰባቸው። አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፤ እነርሱ ግን ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ታሪኩን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ሰምቶ የጻፈው ሩፊኖስ እንደሚነግረን፥ ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ መዝገብ ያዥ ሆኑ። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ ማን ነበሩ? በሰው አገር፥ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ስደተኞች ነበሩ። አገልግሎታቸውን በታማኝነት እየፈጸሙ ሃይማኖታቸውን በጸጥታ ጠበቁ፤ ጊዜው በፈቀደም ጊዜ ፍሬምናጦስ ክርስቲያን የሆኑትን ነጋዴዎች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ይመክራቸው ነበር። በኋላም ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን ሐምሌ 26 ቀን እናከብረዋለን።

ጢሮስ ዛሬ በወዴት እንደምትገኝ ታውቃላችሁን? በሊባኖስ ናት፤ ከቤይሩት በስተ ደቡብ በዚያው በባሕሩ ዳር። የቡሌ ሆራዋ እናት ስለ ልጅዋ የምትፈራው አገር፥ የሃይማኖታችን አባት የተነሣበት አገር ነው። በዚያን ጊዜ የሊባኖስ ልጆች በእኛ አገር በሰው ቤት አገለገሉ፤ ዛሬ የእኛ ልጆች በሊባኖስ ያገለግላሉ። የእነዚያን የሁለቱን ጸሎት ያልናቀ አምላክ የእነዚህን የሁለቱን ጸሎት ይንቃልን?

ነገር ግን መከራውን አሳንሰን እንዳንናገር እንጠንቀቅ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዪቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ባጣ ጊዜ፥ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየተዉ ሄዱ፤ ልጆቻችንም ከነሻንጣቸው በመንገድ ዳር አደሩ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ ከተማዪቱን አናወጣት። በዚያ ክፉ ቀን ከደረሱላቸው መካከል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር ይገኝበታል። ስሙም «እኛ ለእኛ በስደት» ይባላል። እነዚህ ሴቶች ብርና ወርቅ የተረፋቸው ባለጸጎች አልነበሩም፤ ለተራበችው ምግብ፥ ለተጣለችውም ማደሪያ የፈለጉት፥ መጣልና መራብ ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች ሆይ! ወዳጅን መርምሩ። መጽሐፈ ሲራክ በ6ኛው ምዕራፍ ወዳጅ በመከራ ቀን እንደሚፈተን ያስተምረናል። ደላላም ወዳጅ ነኝ እያለ ይመጣልና፥ በሌሊት ድንበር ላሻግርህ የሚልህን ሁሉ ወንድሜ አትበል። በሰው አገር ያላችሁም ልጆቻችን፥ ከእናንተ ኋላ የመጣችውን፥ ቋንቋ ያላወቀችውንና የምታለቅሰውን ፈልጉ። የጾሙን ቀን ንገሯት፤ ስትታመም ጠይቋት። ይህን ማድረግ ያለ ደወል ቤተ ክርስቲያንን ማገልገል ነው።

በአገር የቀረን እኛ ደግሞ ምን እናድርግ? ልጃችን ስትደውል አስቀድመን «ገንዘቡን መቼ ትልኪያለሽ?» አንበል። «እንደምን አለሽ? ጓደኛሽስ ደኅና ናትን?» እንበል። የጓደኛዋንም ክርስትና ስም ጠይቀን በጸሎታችን ከልጃችን ጋር እናንሣት። ደግሞም ለትምህርት ወደ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ፥ ለቀን ሥራም ወደየከተማችን የሚመጡ የሰው ልጆች አሉ። የእነርሱም እናቶች በሌላ አገር ሆነው «ልጄ ጓደኛ አገኘ ይሆን?» እያሉ ያድራሉ። በደጃችን ያለውን እንግዳ ሳናስገባ፥ የሩቅ ሰው ለልጃችን በሩን እንዲከፍትላት እንዴት እንለምናለን?

ያች እናት ከመሄድዋ በፊት አንድ ነገር አስታወስኋት። በማቴዎስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ፥ በጢሮስና በሲዶና አገር፥ አንዲት ከነናዊት እናት ስለ ልጅዋ ወደ ጌታችን እየጮኸች ለመነች፤ ደቀ መዛሙርቱ እንዲያሰናብታት ቢጠይቁትም ልመናዋን አልተወችም። ጌታችንም እምነትዋን አመስግኖ ልጅዋን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈወሰላት። በዚያ አገር ስለ ልጅዋ የለመነችውን እናት የሰማ አምላክ፥ ዛሬም ከዚህ ሆነው ወደዚያ አገር ስለ ላኳቸው ልጆች የሚለምኑትን እናቶች ይሰማል።

በስደት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ብቸኛ ለሆኑት ደግ ወዳጅ ይስጥልን፤ ሁላቸውንም በሰላም ወደ አገራቸው ይመልስልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።