የሲክ ወታደሮች ውለታ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ታሪክ እንድንናገር ዕድል ሲሰጠን፣ ስለ ዐድዋ ወይም ስለ አምስቱ ዓመት አርበኞች እንደምንናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ስለ እነርሱ መናገር የዘወትር ግዴታችን ነው። ዛሬ ግን ሚያዝያ 27 ቀን በተከበረ ቍጥር ስማቸው እምብዛም ስለማይነሣ ሰዎች፣ ከሕንድ አገር መጥተው ኢጣልያን ስለ ወጉት የሲክ ወታደሮችና ስለ ጓደኞቻቸው ጥቂት ለመናገር መርጠናል።

ሲኮች እነማን ናቸው? ፑንጃብ ከሚባለው የሰሜን ሕንድ አገር የወጡ፣ ከ500 ዓመት በፊት ጉሩ ናናክ ያስተማረውን ሃይማኖት የሚከተሉ ሰዎች ናቸው። በአንድ አምላክ ያምናሉ፤ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁት ጠጕራቸውን አይቈረጡም፤ ወንዶቹ ራሳቸውን በጥምጥም ይሸፍናሉ። በቤተ ጸሎታቸው ሀብታሙም ድኻውም እኩል ተቀምጦ የሚበላበት ማእድ አለ። ወንዶቻቸው የሚጠሩበት «ሲንግ» የሚለው ስም ትርጕሙ አንበሳ ነው። ወደ ጦር ሜዳ የሄዱት አብዛኞቹ ግን እንደ እኛ አባቶች ገበሬዎች ነበሩ።

ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. በተደረገው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የሕንድ ሰው በእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ዘመተ። ሲኮች ከሕንድ ሕዝብ ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በሠራዊቱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ግን ከቍጥራቸው እጅግ የበለጠ ነበር። በፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ ተዋጉ። በጋሊፖሊም 14ኛው የሲክ ሻለቃ ግንቦት 27 ቀን 1907 ዓ.ም. በአንድ ቀን ውጊያ ከሰዉ የሚበዛውን አጣ። የብረት ቆብ አድርጉ ሲባሉ ብዙዎቹ እምቢ ብለው በጥምጥማቸው እንደ ተዋጉ ይነገርላቸዋል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ምን አገኙ? ሚያዝያ 5 ቀን 1911 ዓ.ም. በቅድስት ከተማቸው በአምሪትሳር፣ መሣሪያ ባልያዘ የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኰንን አስተኰሰ። መንግሥቱ ራሱ ያመነው የሟቾች ቍጥር 379 ነው። የዘመቱለት መንግሥት የከፈላቸው ዋጋ ይህ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሕንድ ልጆች እንደገና ዘመቱ፤ ይህም ዘመቻ ወደ እኛ አገር አመጣቸው። በ1933 ዓ.ም. በጥር ወር ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ፣ በሰሜን በኩል ጄኔራል ፕላት ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ኤርትራ ዘመተ። የዚህ ጦር ዋና ኀይል 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። በ4ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ከ11ኛው የሲክ ሬጅመንት አንድ ሻለቃ ነበረ፤ በፑንጃብ ሻለቆችም ውስጥ ሲክ፣ እስላምና ሂንዱ ጐን ለጐን ተሰልፈው ነበር።

ዛሬ በኤርትራ የምትገኘው ከረን በተራራ የተከበበች ናት። ኢጣልያኖች በጠባቡ ሸለቆ የሚያልፈውን መንገድ በድማሚት ንደው ከላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ውጊያው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን ድረስ ሰባት ሳምንት ያህል ፈጀ። ውሃውና ጥይቱ በሰው ትከሻ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር። እኛ የዱራሜ ልጆች ባዶ እጃችንን ሐምበሪቾን ስንወጣ እንኳ እንዴት እንደምናለከልክ እናውቃለን፤ እነርሱ ጥይት ተሸክመው፣ ከላይ እየተተኰሰባቸው ነው የወጡት። በከረን ከ500 የሚበልጡ የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ሰዎች ሞቱ፤ ከ3,000 የሚበልጡ ቈሰሉ። ከሞቱት አንዱ ሪችፓል ራም የተባለ ሂንዱ ነው፤ ጠላት በአንድ ሌሊት ስድስት ጊዜ መልሶ ሲያጠቃ ከጓደኞቹ ጋር መክቶ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በሌላ ጥቃት እግሩ ተቈርጦ እስኪወድቅ ድረስ ሰዎቹን መራ።

በመተማ በኩል ደግሞ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል የ22 ዓመት የሕንድ መሐንዲስ መኰንን ነበረ። ጠላት ወደ ጐንደር ሲሸሽ መንገዱን በፈንጂ ሞልቶት ነበር። ባጋት አራት ቀን ሙሉ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ከሁሉ ፊት እየሄደ 15 የፈንጂ ስፍራዎችን አስጠረገ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈነዳበት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ሌላ ሰው ይተካህ ሲሉት፣ ሥራውን አሁን ከማንም ይልቅ እኔ ለምጄዋለሁ ብሎ እምቢ አለ። ሁለቱም ታላቁን የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻን፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ተሸለሙ፤ ሪችፓል ራም ግን የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን፣ «እነዚህ ሰዎች የመጡት እንግሊዝ አዝዟቸው እንጂ እኛን ወድደው አይደለም፤ ታዲያ ምን ውለታ አለባቸው?» አሉ። እውነት ነው፤ የመጡት በትእዛዝ ነው። ያዘዛቸውም መንግሥት በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢጣልያን ወረራ በሕግ ያወቀ መንግሥት ነው። ነገር ግን መንግሥትና ወታደር አንድ አይደሉም። መንግሥት ያሰበው ለጥቅሙ ሊሆን ይችላል፤ በተራራው ላይ የፈሰሰው ደም ግን የገበሬው ልጅ ነው። ያ ገበሬ በገዛ አገሩ ነጻነት አልነበረውም፤ ሕንድ ነጻ የወጣችው በነሐሴ 1939 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ያላገኙትን ነጻነት ለእኛ ሲመለስ በሕይወታቸው ከፈሉ ማለት ነው።

ሌሎቻችን ደግሞ፣ «የውጭ ሰው ማመስገን የአርበኞቻችንን ክብር ይቀንሳል» አሉ። እኛ ግን ክብራቸውን ያጐላዋል እንላለን። አርበኞቻችን በጐጃም፣ በጐንደርና በሸዋ ጠላትን እየወጉ ስላሰሩት፣ ኢጣልያ ኀይሉን ሁሉ ከረን ላይ ለማከማቸት አልቻለም። በግንቦት ወርም በአምባላጌ የሕንድ ክፍለ ጦርና የራስ ሥዩም አርበኞች በአንድ ተራራ ዙሪያ ተሰልፈው፣ የአውስታውን መስፍን እጁን አሰጡት። በዚያው ወር ጐረቤታችንን ሶዶን ከኢጣልያ ያስለቀቁት የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱም እንደ ሕንዶቹ በቅኝ ግዛት የሚኖሩ ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በከረን የጦር መካነ መቃብር ውስጥ አንድ መታሰቢያ አለ። በሃይማኖታቸው ሥርዐት አስከሬናቸው በእሳት የተቃጠለ የ285 ሲኮችና ሂንዱዎች መታሰቢያ ነው። አመዳቸው በዚህ ቀረ፤ እናቶቻቸው በፑንጃብ ቀሩ። ከዚያም በኋላ ሕንድ አልተለየችንም። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ያስተማሩት የሕንድ ጦር መኰንኖች ነበሩ። በዚያ ዘመን በየአውራጃው በነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያንም ነበሩ፤ ከእነርሱ የተማሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ።

በወንጌል ከተፈወሱት ከአሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ከዘጠኙ ወገን እንዳንሆን፣ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞቻችን ስም ከተነበበ በኋላ፣ የእነዚህም ወታደሮች ነገር በአንድ ተማሪ አፍ ለአምስት ደቂቃ ይነገር። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያለን፤ ከኋላችን የምትመጡ ታናናሾቻችን ግን ይህን አደራ ተቀበሉን።