ተቀብሎ ማስተላለፍና ማድረስ፤ የአገናኝ ማዕቀፍና የክላውድ ኩነት አከፋፋይ በተጂ ወንዝ ምሳሌ



ከሰበታ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅማው መንገድ ላይ ተፍኪን አልፎ የሚገኘው የተጂ ከተማ የተቀመጠው በበቾ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚያበቅል ዋልካ መሬት ነው። አዋሽ ይህን ሜዳ ሲያቋርጥ የሆለታን፣ የበርጋንና የተጂን ወንዞች ይጨምራል፤ መሬቱም ለጥ ያለ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ከአልጋው እየወጣ በእርሻና በመንደር ላይ ይተኛል። የወንዞቹን ከፍታ የሚለኩ ጣቢያዎች አሉ፤ የተጂ ወንዝ በአስጎሪ አጠገብ፣ አዋሽ ራሱ ደግሞ በበሎና በመልካ ቁንጡሬ ይለካል። ከዚያ ወዲያ ውኃው እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይወርዳል።

በአስጎሪ የተነበበ አንድ ቁጥር ብዙ ባለ ጉዳይ አለው። ወረዳው፣ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራሩ፣ የውኃው መሥሪያ ቤት፣ የሚቲዎሮሎጂው ተቋምና ግድቡን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ያንኑ ቁጥር ይፈልጉታል፤ ሁሉም ግን በየራሱ መሣሪያና በየራሱ አጻጻፍ ይሠራል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ቢሞከር የመስመሩ ብዛት ከተቋማቱ ብዛት እጅግ ይበልጣል፤ አንዱ አጻጻፉን በለወጠ ቁጥርም የሌሎቹ ሁሉ ሥራ ይናጋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህን ችግር ለመፍታት የተፈጠሩ ሁለት መሣሪያዎች ሲጋጠሙ በመገጣጠሚያቸው ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። በተጂ እንዲህ ያለ ሥራ ተዘርግቷል ለማለት አይደለም፤ ቢዘረጋ ምን ሊጠነቀቁለት እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ አፓቼ ካሜል የተባለው አገናኝ ማዕቀፍ ነው። ስሙ ግመል ማለት በመሆኑ የአፋርን የጨው መንገድ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር መሠረቱን የጣለው ግሬጎር ሆፕና ቦቢ ዉልፍ በ2003 ባሳተሙት የመልእክት ቅብብል ዘዴዎች መጽሐፍ ላይ ነው። ከአንዱ ተቀብሎ፣ አጻጻፉን ለውጦ፣ መርጦና ከፋፍሎ ለሌላው የሚሰጥ ሲሆን ባለሙያው በፈለገው ኮምፒውተር ላይ፣ በአስጎሪም ቢሆን፣ ሊያሠራው ይችላል። ሁለተኛው የአማዞን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ኢቨንትብሪጅ የተባለው የክላውድ ኩነት አከፋፋይ ነው። (ክላውድን ደመና ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ደመና ለበቾ ገበሬ ሌላ ነገር ስለሆነ ግን እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል።) ኩነት የሚለው ቃል ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይታወቃል፤ በዚህም ስፍራ ትርጉሙ ያው ነው፤ በአንድ ሰዓት የሆነና ተመልሶ የማይለወጥ ነገር ማለት ነው። አከፋፋዩ ኩነቱን ተቀብሎ አስቀድሞ ከተጻፉ ደንቦች ጋር ያስተያያል፤ ለገጠመው ደንብ ተቀባዮችም ይልካል።

በማዕቀፉ ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኘው ክፍል የታከለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይህን ክፍል መጀመሪያ የሚይዝ ባለሙያ የሚሰናከለው በትንሽ ነገር ነው፤ የሚፈጸመው ተግባር በግልጥ ካልተጻፈለት ክፍሉ ኩነት መላክን ሳይሆን ደንብ ማስቀመጥን እንደ ታዘዘ ይቆጥራል። ከዚህም ሌላ በሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ነው። ማዕቀፉ ወደ አከፋፋዩ ይልካል እንጂ በዚያው ክፍል ከአከፋፋዩ ሊቀበል አይችልም። መቀበል የፈለገ፣ አከፋፋዩ ኩነቱን ኤስ ኪው ኤስ ወደሚባለው የመልእክት ወረፋ እንዲጥለው ደንብ ማውጣትና ከወረፋው በሌላ ክፍል ማንሣት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሕተት ሳይመስል የሚያልፈው ነው። ለአከፋፋዩ አንድ ጥቅል ኩነት ሲላክ ጥያቄው ተሳክቷል የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ በመልሱ ውስጥ ግን ከጥቅሉ ስንቱ እንዳልገባ የሚናገር ቁጥር አለ። ያን ቁጥር የማያነብ ፕሮግራም ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይቀጥላል። ከዚያም ያለፈው፣ ማለትም በሙሉ ተቀባይነት አግኝቶ መለያ ቁጥር የተሰጠው ኩነት፣ የሚገጥመው ደንብ ከሌለ ያለ አንዳች ድምፅ ይጣላል። እዚህ ላይ የተጂ ስም ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ጄይ፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው እንደ አፋን ኦሮሞው አጻጻፍ ያኖረዋል፤ አከፋፋዩም በትልቅና በትንሽ ፊደል መካከል እንኳ ይለያል። ጣቢያው በአንዱ አጻጻፍ ልኮ ደንቡ በሌላው ከተጻፈ፣ በሌሊት የወጣው የውኃ ከፍታ በመዝገብ ተልኳል ተብሎ ይገኛል፤ በተጂ ግን ማንም አልሰማም። መድኃኒቱ በስም ፈንታ የጣቢያ መለያ ቁጥር መጠቀምና፣ ሌላ ደንብ ገጠመም አልገጠመም፣ ኩነቱን ሁሉ የሚይዝ አንድ አጠቃላይ ደንብ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በልማድ ግን ይዘለላል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ተቀባዩ ሳይገኝ ሲቀር አከፋፋዩ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ እስከ 185 ጊዜ እየደጋገመ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ የወደቁ መልእክቶች ማኖሪያ ካልተዘጋጀለት ይጥለዋል። ለሸቀጥ ደረሰኝ ይህ ትዕግሥት መልካም ነው። ትናንት የሞላን ወንዝ ዛሬ እየሞላ ነው ብሎ መንደር ማስነሣት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማንም እንዳያምን ያደርጋል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ኩነት ዕድሜው አጭር ይሁን፤ ጊዜው ካለፈም ወደ ማኖሪያው ገብቶ ሰው ይመርምረው። ደግሞም አከፋፋዩ ቅደም ተከተልን አይጠብቅም፤ አንዱንም ሁለት ጊዜ ሊያደርስ ይችላል። «ጎደለ» የሚለው «ሞላ» ከሚለው ቀድሞ ቢደርስ የሚያስታርቃቸው በኩነቱ ውስጥ የተጻፈው የልኬት ሰዓት ብቻ ነው። ድግግሞሽን ለመለየትም አከፋፋዩ በሚሰጠው መለያ መተማመን አይበቃም፤ መስመር ተቋርጦ ማዕቀፉ እንደገና ሲልክ ያው ልኬት አዲስ መለያ ይወጣለታልና። የጣቢያው ቁጥርና የልኬቱ ሰዓት በአንድነት ቁልፍ ይሁኑ።

ይህ ሁሉ መስመሩ ካለ ነው። አማዞን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የክላውድ ማዕከል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕታውን ነው። ከአስጎሪ የተነሣ ቁጥር እዚያ ደርሶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወደሚርቀው ተጂ ለመመለስ አገር አቋርጦ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ በባሕር ገመድ ይጓዛል። ዝናብ ሲበረታ ደግሞ መብራቱም ኔትወርኩም ይደክማል፤ ማስጠንቀቂያው የሚፈለገውም በዚያው ሰዓት ነው። በመሆኑም ማዕቀፉ ልኬቱን ከመላኩ በፊት በጣቢያው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ይጻፈው፤ አከፋፋዩ አንድም እንዳልወደቀ የሚያረጋግጥ መልስ እስኪሰጥ ድረስም አያጥፋው። የአካባቢው ማስጠንቀቂያ ጭራሽ በክላውዱ በኩል ማለፍ የለበትም። ካሜል ከአጭር ጽሑፍ መልእክት አውታር ጋር የሚነጋገር ክፍል ስላለው መንገዱን እዚያው አስጎሪ ላይ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ተጂ ቀበሌዎች ስልክ፣ ሌላው ወደ አከፋፋዩ። ለአከፋፋዩ የሚቀረው እሱ የሚችለው ሥራ ነው፤ የግድቡን ክፍል፣ የሚቲዎሮሎጂውን ተቋምና የውኃውን መሥሪያ ቤት አንዱ የሌላውን መሣሪያ ሳያውቅ ማዳረስና፣ ነገ አዲስ ተቀባይ ቢመጣ በአንድ ደንብ መጨመር።

የሙከራው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ወንዙ ገና ዝቅ ብሎ፣ መንገዱም ደረቅ ሳለ። ሙከራ መሆኑ በግልጥ የተጻፈበት ልኬት ከአስጎሪ ይላክ፤ መስመሩም በመካከል ሆን ተብሎ ይቆረጥ። ከዚያ አንድ ሰው በአዲስ አበባ ያለውን መዝገብ ሳይሆን፣ በተጂ የቀበሌውን ተረኛ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ስልኩ የጮኸበትንም ሰዓት በወረቀት ይያዝ።