ስለ ገና ጨዋታ የተደረገ ንግግር



ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ብዙ ተነግሯል። እኛ ደግሞ ስለ ታላቅ ወንድሙ፤ ስለ ገና ጨዋታ፤ ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥተናል።

ኳስን አናማም። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረልንን ቡድን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ለጨዋታ ያለው ዋጋ ከዚህ ይታወቃል።

ሩርና ቆልማማው ዱላ ግን ሰፊ ሜዳ ይሻሉ። በመርካቶአችን አንድ ክንድ ባዶ መሬት ቢገኝ ወዲያው ሸራ ይወጠርበታል። የገና ጨዋታ ሜዳ የሆነው ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ተዛውሮበት፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ወርሶት ነበር! ለ2013ቱ ጥምቀት ተለቀቀ።

አይርላንዶች ሀርሊንግ የሚሉት የዱላ ጨዋታ የገና የቅርብ ዘመድ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ማኅበር አቋቁመውለት፤ ዛሬ ልጆቻቸው በየትምህርት ቤቱ ይወዳደሩበታል። ለኛም የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ አውጥቶለታል፤ የጎደለው ተጫዋች ተማሪ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ መርካቶ የገባችሁት ከየአገሩ ነውና፤ በየአገራችሁ ሩሩ ከምን ይሠራ እንደ ነበረ ንገሩን። መምህራንም በታኅሣሥ ወር ሁለት ቅዳሜ የሰልፉን ሜዳ እንዲፈቅዱልን እንለምናለን። ዱላውን እኛው እናመጣለን።